የእትዬ ሜትር ስድስት ሴንቲ ሜትር

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለሃያ ስምንት ዓመት ደግሞ የትንሿ ከተማችን ፕላን ኮሚሽን ሰብሳቢ ነበረች። ይህን ለማያውቃት ሰው ስናገር መጀመሪያ ይስቃል። መርፌና መንገድ ምን አገናኛቸው? እሷ ግን ሁለቱን ለያይታ አታውቅም። "ከተማ እንደ ሰው ነው፤" ትል ነበር፤ "ልኩን ሳትወስዱ ከሰፋችሁለት አንድ ቀን እጁን ሲያነሳ ብብቱ ላይ ይተረተራል።"

ወደ ኮሚሽኑ የገባችው ተናዳ ነው። አንድ ክረምት ከሱቋ በላይ ያለ ጎረቤት የጎርፍ ቦይ ላይ አጥር ገነባ፤ ውሃውም መንገዱን ስቶ ሱቋ ገባ። የስፌት መኪናዋ ፔዳል ጭቃ ዋጠው፤ የሰው ጨርቅ ተበላሸ። እሷም ከሁሉ የባሰውን ጣቃ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ውሃው ከኋላዋ እየተንጠባጠበ፣ ማዘጋጃ ቤት ገባችና ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

"ይኼን ጨምቁልኝ፤" አለች።

ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወረቀታቸውን ከውሃው እያሸሹ፣ "እኛ ጨማቂ አይደለንም፤" አሏት። "ግን አጥር የት መቆም እንዳለበት የሚወስን ኮሚሽን እየተቋቋመ ነው። ሰባት ሰው ያስፈልጋል። ስድስት አግኝተናል።"

"ደመወዝ አለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ምን አለው?"

"ስድብ አለው። ከሁሉም ወገን።"

አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፈረመች።

ኮሚሽኑ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ የኋላ ክፍል ይሰበሰብ ነበር። አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ በታጠፈ አሮጌ ካርታ ተደግፏል። ግድግዳው ላይ አዲሱ ካርታ ተለጥፏል፤ መንገዱ በቀይ፣ ቦዩ በሰማያዊ፣ ገና ያልተወሰነው ሁሉ በእርሳስ። ከመስኮቱ ስር፣ በውጭ በኩል፣ ባለጉዳዮች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ነበር። ሥራው ሲወራ ትንሽ ይመስላል። አንዱ ፎቅ ልሥራ ይላል፣ ሌላው ግቢዬን ለሁለት ልክፈል ይላል፣ ሌላዋ ሱቄን ወደ መንገዱ ላውጣ ትላለች። ሰባቱ ሰዎች ካርታውን ያያሉ፣ ይነታረካሉ፣ ይፈቅዳሉ ወይም ይከለክላሉ። ነገር ግን አንድ ሰው ዛሬ ግማሽ ክንድ ከገፋ፣ ጎረቤቱ ነገ ሌላ ግማሽ ክንድ ይገፋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ሬሳም ሆነ ሙሽራ የማያሳልፍ ከተማ ይቀራል። ይህን የሚከለክል የነበረው ያ እግሩ አጭር ጠረጴዛ ነው።

እሷ ያመጣችው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነበር፦ እግር ያልረገጠውን እጅ አይፈርምበትም። ማመልከቻ በመጣ ቁጥር ሰባቱም ተነሥተው በእግራቸው ወደ ቦታው ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ጉዞ የማዘጋጃ ቤቱ የብረት ሜትር ጠፋ፤ መንገድ ሥራ ክፍል ወስዶት ኋላ ዝጎ፣ ምላሱ ተቆርጦ ተመለሰ። አክስቴ አንገቷ ላይ ያለውን የስፌት ሜትር አወለቀች። ቢጫ፣ ጫፍና ጫፉ ነሐስ የለበሰ፣ አንድ ሜትር ተኩል የጨርቅ ሜትር ነው፤ ሙያውን ያስተማረቻት ሴት የሰጠቻት፣ ቁጥሮቹ ሲደበዝዙ በእስክሪብቶ የደመቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተረሳ። እትዬ ሜትር ሆነች።

አንደኛውን ጫፍ የሚይዝላት አናጢው ነበር፤ የሱቅ ጎረቤቷና የኮሚሽኑ አባል።

"ሳብ!" ትለዋለች።

"ስቤያለሁ!"

"ቁርስ አልበላህም እንዴ? ሳብ!"

አናጢው የራሱ የብረት ሜትር ነበረው። አንድ ጊዜ ይዞት መጣ፤ ባለጉዳዩ ግን አሻፈረኝ አለ። አናጢው በርና መስኮት የሚሠራው ለእነዚያው ግንበኞች ስለሆነ ሜትሩ ይታማ ነበር። "በእትዬ ሜትር ይለካልኝ" አለ ባለጉዳዩ። አናጢውም ብረቱን ኪሱ ከተተ፤ ያ ነገር በዚያው ቀረ።

እንዲህ እየሆነ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። እኔ እናቴ ከሞተች ወዲህ በአክስቴ ቤት፣ በዚያ የጨርቅ ጫፍና የካርታ ወሬ መሐል አድጌ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

የምመረቅበት ዓመት ጅምላው መጣ። ጅምላው የምንለው የጅምላ ነጋዴውን ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁም ከሁለቱ የማያንስ። ከጤና ጣቢያው ጎን ባለ ሦስት ፎቅ ሊሠራ ፈቃድ አገኘ። ኮሚሽኑ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው፦ በእሱ ግንብና በጤና ጣቢያው አጥር መካከል ሦስት ሜትር መተላለፊያ ይተው። ምክንያቱን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ምጥ የያዛት ሴት በሌላኛው በኩል መኪናው አልገባ ብሎ በር ተነቅሎ፣ በበሩ ላይ ተሸክመዋት ነው የገባችው። የጤና ጣቢያው ነርስ፣ እሷም የኮሚሽኑ አባል፣ ያን በር ባነሳች ቁጥር ድምፅዋ ይቀየር ነበር።

ጅምላው መሠረቱን አስቆፍሮ አርማታ ሞላ። ሰባቱ በእግራቸው ሄዱ። "ሳብ!" "ስቤያለሁ!" ሁለት ሜትር ከዘጠና አራት። እንደገና ለኩ። ዘጠና አራት።

"ስድስት ሴንቲ ሜትር ገብተሃል፤" አለችው አክስቴ። "በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይህን ጎን አፍርስ።"

"እትዬ፣ በብረት ሜትር አስለክቼ ነው ያስቆፈርኩት! ሦስት ሜትር ነው!"

"ብረትህ አንተን ፈርቶ ይሆናል። ይኼ ጨርቅ ግን ማንንም አይፈራም።"

ሊያይ የተሰበሰበው ሰው አጨበጨበ። ጅምላው ፊቱ ቀላ። ለሳምንት ያህል ሰው በሱቋ በር ባለፈ ቁጥር "አበጀሽ እትዬ ሜትር!" ይላት ነበር። ሀብታሙን ፊት ለፊት ያቆመች ልብስ ሰፊ! እሷም፣ ልዋሽላት አልችልም፣ ደስ ብሏት ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው ለመመረቂያ ሙሉ ልብሴ ወደ ቤት የመጣሁት። ልኬን ቀደም ብዬ በደብዳቤ ልኬላት ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለ ሰፊ ነው የለካኝ። ልብሱ አልቆ ጠበቀኝ። ለበስኩት። ሱሪው ጫማዬ ላይ ተኛ።

"ዩኒቨርሲቲ እግር ያሳጥራል እንዴ?" አለች ተንበርክካ፣ በከንፈሯ መርፌ ይዛ። "መቶ አራት ብለህ ጻፍክልኝ፤ መቶ አራት ሰፋሁ።"

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ እግሬን ለካች። "መቶ ሁለት! ያ ሰፊህ ዓይኑን ይታይ።"

ወደ ላይ ተነሣች። እጅጌውን ነካች፣ ወገቡን ጨበጠች፣ ከኋላዬ ዞራ ትከሻውን አየች። ሁሉም በትንሽ በትንሹ ይበልጣል። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ሰፊ ሲሳሳት አንድ ቦታ ነው የሚሳሳት፤" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። "ሁሉም ቦታ እኩል የሚሳሳት ሰፊ የለም።"

መርፌውን ከአፏ አወጣች፣ ሜትሩን እጇ ላይ ጠቅልላ ወጣች። እኔም ሱሪዬን በእጄ ሰብስቤ ተከተልኳት።

አናጢው መጋዝ ይስል ነበር። "የብረት ሜትርህን አምጣ፤" አለችው። ጠረጴዛው ላይ ብረቱን ዘረጋች፣ ዜሮውን ከዜሮው ገጠመች፣ ጨርቁን ሳትስበው በመዳፏ አስተኛችው። የጨርቁ መቶ ሃምሳ የብረቱ መቶ ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመ።

አናጢው ሄዶ ሌላ የብረት ሜትር ከመሳቢያ አወጣ። ያም መቶ ሃምሳ ሦስት አለ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የጨርቅ ሜትር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ቁጥሮቹ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ የለካውን ሁሉ ከእውነቱ አሳንሶ ይናገራል። ሱቅ ውስጥ ግን ጥፋቱ አይታወቅም። ሰውየውንም ጨርቁንም የምትለካው በዚያው ሜትር ነው፤ ሁለቱ ስህተቶች ተቻችለው ልብሱ ልክ ይሆናል። ለሃያ ዓመት የሰፋችው ሁሉ ልክ ነበር። ከሌላ ሰው ሜትር የመጣ ልክ ሰፍታ የምታውቀው የእኔን ብቻ ነው። ሜትሩን የለጠጠው ደግሞ ሌላ አይደለም፤ በየአጥሩ ስር "ሳብ!" "ስቤያለሁ!" ነው።

"ጅምላው፤" አለች አክስቴ።

አናጢው ገባው። "ሦስት ሜትር ነበር የተወው።"

"ሦስት ሜትር ነበር የተወው። ሙሉ።"

አናጢው በሩን ገርበብ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እስቲ ስሚኝ፣ እህቴ። ይህን ያወቅነው እኔ፣ አንቺና ይኼ ልጅ ነን። አዲስ ሜትር ግዢ፤ አሮጌውን እሳት ውስጥ ጣይው። ስድስት ሴንቲ ሜትር ለጅምላው ምኑ ነው? ሆዱን ቢያስገባ ይሞላዋል። ካወራሽ ግን እሱ ብቻ አይደለም የሚነሣብሽ፤ አጥሩን የመለስንበት ሁሉ ይነሣል። 'ኮሚሽኑ በሐሰት ሜትር ሲለካ ኖረ' ይባላል። ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ሐሙስ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ ማን ይሰማናል? መንገዱን ሁሉ አጥር ይበላዋል።"

ይህ ፍርሃት እንጂ ክፋት አልነበረም፤ ያለውም ሊሆን የሚችል ነገር ነው። እሷም ታውቃለች። በመጋዝ ብናኝ ላይ ቆማ ሜትሩን ጣቷ ላይ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ፣ ስትጠቀልል አይቻታለሁ።

"ሐሙስ መቼ ነው?" አለች በመጨረሻ።

"ነገ ነዋ።"

"የብረቱን ሜትር አውሰኝ።"

በማግስቱ የኋላው ክፍል ጢም ብሎ ሞላ። ጅምላው አቤቱታውን ይዞ ስለሚመጣ ሰው ትርኢት ሊያይ ነበር የመጣው። መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠልጥሏል። መምህሩ ቃለ ጉባኤውን ገልጠው እስክሪብቷቸውን አራገፉ። ጅምላው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አፉን ሲከፍት አክስቴ ቀደመችው።

"ቆይ፤ መጀመሪያ ና ይኼን ያዝልኝ።"

የሜትሯን ጫፍ ሰጠችው። ጅምላው ወረቀቱን በየት በኩል እንደሚያደርገው ጠፍቶት ብብቱ ውስጥ ወሸቀ። በጠረጴዛው ላይ ጨርቁንና ብረቱን ጎን ለጎን አስተኛች።

"የኔ ስንት ይላል?"

"መቶ ሃምሳ።"

"ብረቱስ?"

ጅምላው ጎንበስ አለ። ቀና ብሎ አያት። እንደገና ጎንበስ አለ። "መቶ ሃምሳ ሦስት።"

"ጮክ በል፤ መምህር ይጻፉት።"

"መቶ ሃምሳ ሦስት!"

"እንግዲህ ተሳስቼብሃለሁ፤" አለች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ጫነች። "መሠረትህ ልክ ነው። በሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ጥፋቱ የኮሚሽኑ አይደለም፤ ሜትሩ የኔ ነው። በዚህ ሜትር የተለካ ሁሉ እንደገና ይለካ።"

ከዚያ ደንቡን ፈጸመች። የራሱ ጉዳይ የሚታይበት አባል ከክፍሉ ይወጣል፤ ይህን ደንብ ያጸደቀችው ራሷ ናት። በሰው መሐል አልፋ ወጣችና ከመስኮቱ ስር ካለው የባለጉዳዮች አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ተቀመጥኩ። አንገቷ ባዶ ነበር፤ እጇ ግን ሜትሩን ፍለጋ ደጋግሞ ወደ ደረቷ ይሄዳል።

ከውስጥ ጫጫታ ተነሣ። ኮሚሽኑ በፊት አጥሩን ያስመለሰው የአንድ ፀጉር አስተካካይ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነበር፦ "ታዲያ የኔ አጥር? የኔን ስድስት ሴንቲ ሜትር ማን በላው?" አንዱ "ትውረድ!" አለ፤ ሌላው "አንተ ውረድ፣ መስኮቱ ላይ ነው ያለኸው!" አለው። ሰው ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። ከዚያ የነርሷ ድምፅ ተሰማ፤ ምን እንዳለች ሁሉንም አልሰማነውም፣ "በር" የሚለውን ቃል ግን ሰማን።

ቀጥሎ የጅምላው ድምፅ መጣ። ያ ድምፅ መስኮት አያስፈልገውም።

"ተበዳዩ እኔ ነኝ፤ እኔ ልናገር! ሁለት ሳምንት ሙሉ እሷን ስሰድብ ነው የከረምኩት። የቤቴ ሠራተኞች ምስክር ናቸው። ዛሬም የመጣሁት ላዋርዳት ነበር፤ ቀደመችኝ! አሁን አውርዷት ትላላችሁ። ካወረዳችኋት እዚያ ወንበር ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው እንደኔ ያለ ሰው ነው። እኔን ደግሞ እኔ አውቀኛለሁ።"

ከዚያ ወንበር ሲንኳኳ ሰማን። መምህሩ በር ላይ ብቅ አሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው።

"ግቢ፤ ሥራ አለ።"

"በስንት ድምፅ?"

"በስድስት።"

"ሰባተኛው ማነው የተቃወመኝ?"

"ሰባተኛዋ አንቺ ነሽ፣ እዚህ ተቀምጠሽ። ምን ነካሽ፣ መቁጠርም ረሳሽ?"

እዚያ ላይ ነው እንባዋ የመጣው። ተነሥታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ገባች።

ያን ክረምት ሰባቱ በአናጢው ብረት ከተማውን እንደገና ለኩት። ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ አሥራ ዘጠኝ ባለ ግቢ ቀረበ። አናጢው የፈራው አልሆነም። በሁሉም ቦታ የተገኘው አንድ ነገር ነው፦ መንገዱ በወረቀት ካለው ይሰፋል። የስድስት ሜትሩ መንገድ ስድስት ከአሥራ ሁለት ነው። ሕጉ ከሚለው በላይ ሰፊ መንገድ ያላት ከተማ የእኛ ብቻ ሳትሆን አትቀርም፤ ያሰፋችውም የልብስ ሰፊዋ ስህተት ነው። ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ "አጥርህን ወደ ውጭ የመግፋት መብት አለህ" ብሎ በጽሑፍ ሰጠው። አሥራ ስምንቱ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ከዚህ ወዲያ አጥር ማን ይነቅላል? ለልጆቹ መሮጫ ይሁን" አሉ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ አጥሩን ነቀለ። አክስቴ ራሷ ሄዳ ቋሚውን ያዘችለት።

"አሁን በዚህች ስድስት ሴንቲ ሜትር ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"እቆምባታለሁ፤" አላት። "በአንድ እግሬ።"

ሱሪዬን አዲስ በገዛችው ሜትር ለክታ አሳጠረችው። ትርፉን አልቆረጠችም፤ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው። "የልጅህ እግር ይረዝም ይሆናል" አለችኝ።

ጅምላውን በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ለመነችው። እሱም ከፎቁ ብረት አንዱን ቆርጦ ሰጣት። ብረት በያጁ በሁለቱም ጫፍ አስተካከለው፤ መምህሩ፣ ነርሷና አናጢው በሦስት የተለያየ ሜትር ለክተው ፈረሙበት። ልክ አንድ ሜትር። ማዘጋጃ ቤቱ በር ጎን፣ በደረት ከፍታ፣ በሲሚንቶ ግድግዳው ላይ ተተከለ። ከዚያ ወዲያ አክስቴ በየሐሙሱ ከመግባቷ በፊት አዲሱን ሜትሯን ብረቱ ላይ ታስተኛለች፤ አይታ፣ ራሷን ነቅንቃ ትገባለች። እንዲህ ሰባት ዓመት ቆየች፣ እጇ መርፌ መያዝ እስኪያቅታት ድረስ። አናጢዎችና ሰፊዎችም መምጣት ጀመሩ። ብረቱ መሐሉ ላይ ከሰው ጣት መነካካት ብዛት ያንጸባርቃል።

ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ ባለፈው የእረፍት ጊዜዬ መጥቼ የወደቀውን አጥሯን በአዲስ ግንብ ተካሁ። ግንቡን ለማስለካት ማመልከቻዬን ይዤ ከመስኮቱ ስር፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ተራ ጠበቅሁ። የአሁኗ ሰብሳቢ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ናት። ስትመጣ አየኋት፤ ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ ብረቱ ላይ አስተኛች፣ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች።

"ለምንድነው እንዲህ የምታደርጊው?" አልኳት።

"እንዲህ ነዋ የሚጀመረው፤" አለችኝ፤ ሌላ አጀማመር ያለ አይመስላትም።

ሰባቱ በእግራቸው መጡ። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ከጅምላው ፎቅ ጎን ካለው መተላለፊያ ወጥቶ አቧራውን እያለበሰን አለፈ። አንዱ ጫፉን ያዘላት፤ እሷ ጎንበስ አለች።

"አዝናለሁ ጋሼ፤" አለች ቀና ብላ። "አራት ሴንቲ ሜትር ገብተዋል። ይህን ጎን ማፍረስ ይኖርብዎታል።"

አዲሱን ግንብ አየሁት። ሲሚንቶው ገና በወጉ አልደረቀም።

"ይፈርሳል፤" አልኳት።

ልጅቷ ሜትሯን እየጠቀለለች ግራ ተጋብታ አየችኝ። "ሰው ሁሉ ይህን ስነግረው ይሰድበኛል። እርስዎን ምን ያስቅዎታል?"